ስለ ቀድሞ የመንግሥት አገልግሎት አቈጣጠር፤ ለዕረፍት፣ ለጡረታና ለዕድገት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው በተዛወረ ጊዜ፣ ወይም ሥራ ለቆ እንደ ገና በተቀጠረ ጊዜ፣ ቀድሞ ያገለገለው ዘመን እንዴት እንደሚቈጠርለት ለማስረዳት ነው። ነገሩ ሲታይ የመዝገብ ቤት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን የብዙ ሰዎች ደረጃ፣ ደመወዝና የእርጅና ዘመን መተዳደሪያ የሚወሰነው በዚሁ ቈጠራ ነው። እኛ ተማሪዎችም ነገ ወደ ሥራ ስንሰማራ የሚገጥመን ጥያቄ ስለ ሆነ፣ አስቀድመን ብናውቀው ይጠቅመናል ብለን አስበናል።

ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው ከደብረ ታቦርና ከአካባቢዋ ነው። ደቡብ ጎንደር ለዚህ ጥናት የተመቸ አገር ነው። ከጉና ተራራ ሥር ካለው ከፋርጣ ደጋ አንሥቶ እስከ ስማዳና ታች ጋይንት ቆላ ድረስ፣ በስተ ምዕራብም እስከ ፎገራ ሜዳ ድረስ፣ መምህራን፣ ነርሶች፣ የግብርና ሠራተኞችና ጸሐፊዎች ተበትነው ያገለግላሉ። አንድ ሰው በሥራ ዘመኑ ሁለትና ሦስት ወረዳ ቢቀይር የሚያስገርም አይደለም። ሥራውን በስማዳ ይጀምራል፤ ወደ እስቴ ይዛወራል፤ በመጨረሻም ደብረ ታቦር ይገባል። ሰውየው ከነጓዙ ደብረ ታቦር ይደርሳል፤ ጥያቄው ዓመታቱም አብረውት ይደርሳሉ ወይ የሚለው ነው።

፩ አገልግሎት ያለ ወረቀት በተቈጠረበት ዘመን

በቀድሞው የአገራችን አስተዳደር አገልጋይ ለድካሙ የሚያገኘው በየወሩ የሚከፈል ደመወዝ ሳይሆን መሬት ወይም ከመሬት የሚገባ ግብር ነበር። ጉልትና ማደሪያ የሚባሉት የዚህ ዓይነት ክፍያዎች ናቸው። ሹመት የሚፈልግ ሰው በጌታው በር ደጅ ይጠና ነበር። በዚህ ሥርዓት አገልግሎት አይቈጠርም ነበር ማለት አይቻልም፤ የሚቈጠረው ግን በጌታው ዓይንና በጌታው ልብ ነበር። ጌታው የሞተ ወይም የተሻረ እንደ ሆነ ግን የአገልጋዩ ዘመን ምስክር ያጣል፤ እርሱም በአዲሱ ጌታ በር እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ የጉቦኛ ምክር ተደርጎ ይጠቀሳል። እኛ ግን ሌላም ነገር እናይበታለን። ይህ ተረት የተነገረው ያለፈ አገልግሎት ለነገ በማይጠራቀምበት ሥርዓት ውስጥ ነው። የዛሬው ድካም ነገ በዕድገት ወይም በጡረታ መልክ እንደማይመለስለት የሚያውቅ ሹም፣ ሁሉንም ዛሬ ለማግኘት ቢጣደፍ አያስደንቅም። ስለዚህ የአገልግሎት ዘመንን በትክክል መቊጠር ለሠራተኛው የሚደረግ ውለታ ብቻ አይደለም፤ መንግሥትም ራሱ ከሙስና የሚጠበቅበት አንዱ መንገድ ነው።

ከዚህ ታሪክ ጋር የደብረ ታቦር ስም የተያያዘ ነው። መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር ያደረጉት ዐፄ ቴዎድሮስ (ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም.) ባላባቶችን ደመወዝ በሚከፈላቸው ሹማምንትና ዳኞች ለመተካት መሞከራቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ሐሳቡ ግን ሥር ሳይሰድ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሞቱ። በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በ1854 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኖርዝኮትና ትሬቪሊያን የተባሉ ሁለት ሹማምንት ያዘጋጁት ራፖር ለፓርላማ ቀረበ። ራፖሩ የመንግሥት ሠራተኛ በፈተና እንዲቀጠር፣ ዕድገትም በአገልግሎት ርዝመት ብቻ ሳይሆን በችሎታ እንዲሰጥ የሚያሳስብ ነበር። በ1859 እ.ኤ.አ. በወጣው የጡረታ ሕጋቸውም ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ለእያንዳንዱ ዓመት የደመወዙን 1/60ኛ እንዲያገኝ ተደነገገ፤ ከፍተኛው ልክም 40/60ኛ ሆነ። በዚህ ሕግ አንድ ዓመት ማለት በገንዘብ የሚተመን ነገር ሆነ ማለት ነው።

በአገራችን ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ። ከጠላት ወረራ በኋላም በ1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ሥልጣን በትእዛዝ ተወሰነ። ነገር ግን እያንዳንዱ ሚኒስቴር ሠራተኛውን በራሱ ልማድ ይቀጥርና ያሳድግ ስለ ነበር፣ በአንዱ መሥሪያ ቤት የተሠራ ዓመት በሌላው ምን ያህል እንደሚመዝን የሚወስን አንድ ወጥ ሕግ አልነበረም። ይህ የተለወጠው በትእዛዝ ቁጥር 23/1954 የሠራተኞች አስተዳደር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ሲቋቋምና በ1955 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 1 ሲወጣ ነው። በዚያው በ1955 ዓ.ም. የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ወጣ። ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 6 በመቶ እንዲያዋጡ ሆነ። ከዚያ ጀምሮ በደብረ ታቦር አውራጃ ያገለገለ ጸሐፊ ወደ ጋይንት አውራጃ ወይም ወደ አዲስ አበባ ቢሄድም፣ ዘመኑን የሚከተለው አንድ የጋራ መዝገብ አገኘ።

፪ አንድ ዓመት በሦስት መስፈሪያ

ብዙ ጊዜ ክርክር የሚነሣው «የቀድሞ አገልግሎቴ ይያዝልኝ» የሚለው አነጋገር አንድ ነገር ብቻ የሚጠይቅ ስለሚመስል ነው። በእርግጥ ግን ጥያቄው ሦስት ነው፤ አንዱ ስለ ዓመት ዕረፍት፣ ሁለተኛው ስለ ጡረታ፣ ሦስተኛው ስለ ደረጃ ዕድገት ነው። ሕጉ ለሦስቱ የተለያየ መስፈሪያ አለው። በአንዱ ሙሉ ሆኖ የሚቈጠር ዓመት በሌላው ምንም ላይቈጠር ይችላል። ይህን ያልለየ ሠራተኛ መብት ባለበት ቦታ ዝም ይላል፤ መብት በሌለበት ቦታ ደግሞ ሲከራከር ይኖራል።

ቀላሉ የዓመት ዕረፍት ነው። በአዋጅ ቁጥር 515/1999 መሠረት የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 20 የሥራ ቀን ዕረፍት ያገኝ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን እየተጨመረ እስከ 30 የሥራ ቀን ይደርሳል። አዋጁ በማናቸውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተፈጸመ የቀድሞ አገልግሎት ለዚሁ ስሌት እንዲታሰብ ይደነግግ ነበር። ስለዚህ 8 ዓመት አገልግሎ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው ዕረፍቱ 27 ቀን እንጂ እንደ አዲስ ገቢ 20 ቀን አይሆንም። እዚህ ላይ የሥራው ዓይነት አይጠየቅም፤ ጸሐፊም ይሁን ዘበኛ፣ ዓመቱ ዓመት ነው። ምክንያቱም ዕረፍት የሚሰጠው ስለ ድካም እንጂ ስለ ሙያ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 515 በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1064 ተተካ፤ ይህም በተራው በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው አዲስ አዋጅ ተተክቷል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ስለ መብቱ ሲጠይቅ አገልግሎቱ በየትኛው አዋጅ ዘመን እንደ ተፈጸመ መለየት አለበት።

፫ የጡረታው ስሌት

ጡረታ ከዕረፍት የጠበቀ መስፈሪያ አለው። በመሠረቱ የሚቈጠረው በቋሚነት ተቀጥሮ መዋጮ የተከፈለበት ዘመን ነው። በጊዜያዊነት ወይም በኮንትራት ብዙ ዓመት የሠራ ሰው፣ ሥራው ከቋሚው ሠራተኛ ሥራ ጋር አንድ ቢሆንም፣ የጡረታ መዋጮ ካልተቈረጠለት ዘመኑ በጡረታው መዝገብ አይገኝም። በውትድርና ወይም በፖሊስነት የተፈጸመ አገልግሎት ግን ከሲቪል አገልግሎት ጋር ይደመራል።

የአንድ ዓመት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማሳየት የ2003ቱን የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ስሌት እንውሰድ፤ ይህ አዋጅ ኋላ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። በአዋጅ 714 መሠረት የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ሲሆን፣ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ የሲቪል ሠራተኛ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጠቅላላው ከ70 በመቶ አይበልጥም። ወደዚህ ጣሪያ ለመድረስ እንግዲህ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ነርስ እናስብ። በስማዳ ጤና ጣቢያ 6 ዓመት፣ ከዚያም በደብረ ታቦር 18 ዓመት አገልግላለች እንበል፤ አማካይ ደመወዟም 8,000 ብር ይሁን። 24ቱ ዓመት ሙሉ በሙሉ ቢቈጠርላት፣ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ለቀሩት 14 ዓመታት 17.5 በመቶ፣ በድምሩ 47.5 በመቶ ይሆናል፤ ይህም በወር 3,800 ብር ነው። የስማዳው 6 ዓመት በማስረጃ እጦት ቢቀርባት ግን 18 ዓመት ብቻ ይቀራታል፤ 30 በመቶና 10 በመቶ ተደምሮ 40 በመቶ፣ ማለትም 3,200 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በወር 600 ብር፣ በዓመት 7,200 ብር ነው። ጡረታ ከወጣች በኋላ 15 ዓመት ብትኖር 108,000 ብር ታጣለች። ነገሩ በእርስዋ ብቻ አያበቃም። በዚያው አዋጅ የሟች ባል ወይም ሚስት የጡረታውን 50 በመቶ ስለሚያገኙ፣ ባልዋ 1,900 ብር የሚገባው ሲሆን 1,600 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። በቆላ የተፈጸመ የ6 ዓመት አገልግሎት የጠፋው በአንድ ወረቀት ምክንያት ነው።

ከዚህም የሚከፋ ሁኔታ አለ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ 13 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት ሞላው እንበል። ከዚህ ውስጥ 4ቱን ዓመት ማረጋገጥ ካልቻለ የሚቀረው 9 ዓመት ነው። 13 ዓመት ቢረጋገጥለት የአማካይ ደመወዙን 33.75 በመቶ እስከ ዕለተ ሞቱ ባገኘ ነበር። 9 ዓመት ብቻ የተረጋገጠለት ግን ዘላቂ አበል የለውም፤ ዳረጎት ተቀብሎ ይሰናበታል። በመጀመሪያው ምሳሌ የጠፋው ዓመት ገንዘቡን ቀነሰ፤ በዚህኛው ግን መብቱን ራሱን አጠፋ። ስለዚህ ከአሥር ዓመት ወሰን አጠገብ ያለ ሠራተኛ ከሁሉ ይልቅ ለማስረጃው መጠንቀቅ አለበት።

አንዳንዶቻችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ስለ ሆንን፣ የግል ድርጅትና የሃይማኖት ድርጅት አገልግሎት ነገር ያሳስበናል። እስከ ሰኔ 2003 ዓ.ም. ድረስ ይህ የጡረታ ሥርዓት የመንግሥት ሠራተኞችን እንጂ የግል ድርጅት ሠራተኞችን አይጨምርም ነበር። በየድርጅቱ የነበረው ብዙውን ጊዜ ፕሮቪደንት ፈንድ የሚባለው የቊጠባ ገንዘብ ነው። ከሐምሌ 2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞች የራሳቸው የጡረታ ፈንድ አገኙ። በዚህ ፈንድ የተሸፈነ አገልግሎትና የመንግሥት አገልግሎትም የሚደመሩበት መንገድ ተከፈተ። የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞች ግን በዚያ አዋጅ የሚሸፈኑት ፈቃደኛ ሲሆኑ ነበር። ስለዚህ ከ2003 ዓ.ም. በፊት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማረና ኋላ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የገባ መምህር፣ ያ ዘመን ለሥራ ልምድ ይጠቅመው እንደ ሆነ እንጂ በጡረታው ስሌት ይገባልኛል ብሎ መጠበቅ የለበትም።

፬ ለዕድገት የሚቈጠረው

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንመጣለን። በዕድገት ጊዜ ሕጉ የሚጠይቀው «ስንት ዓመት አገለገልክ?» ብቻ አይደለም፤ «በምን ሥራ አገለገልክ?» ብሎም ይጠይቃል። ዕድገት የሚሰጠው ክፍት የሥራ መደብ ሲኖር፣ በማስታወቂያ ወጥቶ፣ ሠራተኞች ተወዳድረው ነው። በውድድሩ ትምህርት፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤትና አግባብ ያለው የሥራ ልምድ ይታያሉ። «አግባብ ያለው» የምትለዋ ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ብዙ ዓመታትን የምትውጠው እርስዋ ናት።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በታች ጋይንት 7 ዓመት የግብርና ልማት ጣቢያ ሠራተኛ የነበረ ሰው፣ የሒሳብ ትምህርት ተምሮ ወደ ዞኑ ገንዘብ መምሪያ ገባ እንበል። 7ቱ ዓመት ለዕረፍቱም ለጡረታውም ሙሉ በሙሉ ይቈጠራል። ለከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያነት ሲወዳደር ግን፣ ከእርሱ በኋላ የተቀጠረና 4 ዓመት በሒሳብ ሥራ የቈየ ወጣት ሊቀድመው ይችላል። ሰውየው ይህን እንደ ግፍ ያየዋል። ነገር ግን ሕጉ የሚጠይቀው የሥራ መደቡ የሚፈልገውን ችሎታ ማን እንደያዘ ነው፤ ግብርናው ለአገር የጠቀመ አገልግሎት መሆኑን አይክድም።

በ2011 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰንም በዚሁ መሠረት የቆመ ነው። በዚህ አሠራር በ22 ደረጃዎች የተመደበው ሥራው ነው፤ የሚመዘነውም የሥራው ክብደትና ኃላፊነት እንጂ የሠራተኛው ዕድሜ አይደለም። 25 ዓመት በአንድ መደብ ላይ የቈየ ሰው፣ መደቡ ከፍ ካላለ ወይም እርሱ ወደ ሌላ መደብ ካላደገ በቀር፣ ዓመታቱ ብቻቸውን ደረጃውን አያነሡትም።

የመምህራን ነገር ከዚህ ለየት ይላል። የመምህራን የዕድገት መሰላል ጀማሪ መምህር፣ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ ወደ ላይ ይወጣል። በየእርከኑ የተወሰነ ዘመን ማገልገልና በቂ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ማግኘት ያስፈልጋል። በዚህ መሰላል ክፍት መደብ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መምህሩ እዚያው ክፍል ውስጥ እያስተማረ ያድጋል። ስለዚህ ለመምህር የአገልግሎት ዘመን ከሌላው ሠራተኛ ይልቅ ይከብዳል። ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለመዛወር የሚያስብ መምህርም ከመሰላሉ ወርዶ ወደ ሌላ ሥርዓት እንደሚገባ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ከዲግሪ በፊት የተሠራ ዓመት እንዴት ይታያል? በደቡብ ጎንደር ብዙ መምህራን በዲፕሎማ ሥራ ጀምረው ክረምት ክረምት እየተማሩ ዲግሪ ይይዛሉ። በክፍት የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ግን ልምዱ ከምረቃ በኋላ የተገኘ መሆን አለበት የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ይነበባል። እንዲህ ባለው ማስታወቂያ 10 ዓመት በዲፕሎማ አስተምሮ ዲግሪ በያዘ ማግሥት የሚወዳደር ሰው፣ ልምዱ ከዜሮ እንደሚጀምር ይቈጠራል። ልጆችን ፊደል ሲያስቈጥር የኖረበት ክፍል ያው ነው፤ በሁለቱ ዘመናት መካከል የተለወጠው የምስክር ወረቀቱ ነው። ከግል ድርጅት የሚቀርብ ልምድም የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ በማስረጃ እንዲረጋገጥ ይጠየቃል።

፭ ከክልል ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤት

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደርና የሥራ ሁኔታ በሕግ የመወሰን ሥልጣን እንዳላቸው ይናገራል። ነገር ግን ለሥራ የሚጠየቀው የትምህርት፣ የሥልጠናና የልምድ መመዘኛ ከአጠቃላዩ የአገሪቱ መመዘኛ ጋር የተቀራረበ እንዲሆን ያዝዛል። «የተቀራረበ» ማለት «አንድ ዓይነት» ማለት ስላልሆነ፣ በመካከሉ ለክርክር የሚበቃ ቦታ ይቀራል።

ለዚህ ደብረ ታቦር ጥሩ ምሳሌ ናት። የፋርጣ ወረዳና የደቡብ ጎንደር ዞን መሥሪያ ቤቶች የሚተዳደሩት በአማራ ክልል ሕግ ነው። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ግን የፌዴራል መንግሥት ተቋም ነው። በዞኑ የሠራተኛ አስተዳደር የሠራች አንዲት ባለሙያ በዩኒቨርሲቲው ለተመሳሳይ ሥራ ብትወዳደር፣ ከተማዋን ሳትለቅ ከአንድ ሕግ ወደ ሌላ ሕግ ተሻገረች ማለት ነው። ጡረታዋ በዚህ አይነካም፤ የጡረታው አዋጅ የክልልንም የፌዴራልንም ሠራተኛ በአንድነት የሚሸፍን ስለ ሆነ ዓመታቱ ተከታትለው ይቈጠራሉ። ለደረጃ የሚያዘው ልምድ ግን በአዲሱ መሥሪያ ቤት መመዘኛ እንደ ገና ይመረመራል። የመደብ መጠሪያው በሁለቱ ቦታ የተለያየ ሲሆን፣ መርማሪው መጠሪያውን ብቻ አይቶ «አግባብ የለውም» የሚልበት፣ የሥራ ዝርዝሩን አይቶ ደግሞ «አለው» የሚልበት ጊዜ ይኖራል።

፮ ዓመቱን የሚያስረዳው ወረቀት

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ የሚቆመው በማስረጃ ላይ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ መጀመሪያ ሲቀጠር የሕይወት ታሪክ ፎርም ይሞላል። የጡረታ ዕድሜው የሚወሰነው በዚያ ጊዜ በተመዘገበው የልደት ዘመን ነው፤ ኋላ የሚመጣ ማስተካከያ ተቀባይነት አያገኝም። ከዚያ በኋላ የቅጥር ደብዳቤው፣ የዝውውር ደብዳቤው፣ የዕድገቱና የደመወዝ ለውጡ ደብዳቤ ሁሉ በግል ማኅደሩ ውስጥ ይቀመጣል። አዋጆቹ ሠራተኛው ማኅደሩን የማየትና ቅጂ የማግኘት መብት ሰጥተውታል። ሥራ ሲለቅም ሆነ በሥራ ላይ እያለ ሲጠይቅ፣ የሥራውን ዓይነት፣ ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የአገልግሎት የምስክር ወረቀት ሊሰጠው ይገባል።

በዝውውርና በገዛ ፈቃድ በመልቀቅ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። የተዛወረ ሰው ማኅደር በመሸኛ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ይላካል። የለቀቀ ሰው ግን ራሱ የራሱ መልእክተኛ ነው። የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ንብረት አስረክቦ፣ ክሊራንስና የምስክር ወረቀት ይዞ ካልወጣ፣ ከዓመታት በኋላ እንደ ገና ሲቀጠር ወደ ቀድሞው ወረዳ ተመልሶ ሲለምን ይገኛል። ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ አንድ ደብዳቤ ለማምጣት የሚከፈለው የመኪና ገንዘብና የሚባክነው ቀን ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ቀላል ነገር አይደለም።

ወረቀትም እንደ ሰው አደጋ ይደርስበታል። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የአውራጃ አስተዳደር ቀርቶ ዞንና ወረዳ ሲተካ፣ የአውራጃው መዝገብ ወደ አዳዲስ መሥሪያ ቤቶች ተከፋፈለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም የመንግሥት ሥራን በብዙ ቦታ አስተጓጉሏል። በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ቅጂ የተቀመጠ ማኅደር እንዲህ ባለ ጊዜ የሰውን ሙሉ ዕድሜ ይዞ ሊጠፋ ይችላል። ማኅደሩ የጠፋበት ሰው መጨረሻ መጠጊያው የደመወዝ መክፈያ ፔሮሉ ነው፤ የጡረታ መዋጮ መቈረጡ የሚታየው በእርሱ ላይ ነውና። በጡረታ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቤት ማለት ይችላል፤ ነገር ግን ጉባኤውም ቢሆን የሚፈርደው በቀረበለት ማስረጃ ነው።

፯ ርዝመት ወይስ ችሎታ?

አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፤ ለዕድገት የአገልግሎት ርዝመት ጨርሶ ባይታይ ምን ይጐዳል? የርዝመት ደጋፊዎች የሚሉት ይህን ነው። ዓመት በማንም ፊት ሊካድ አይችልም፤ የአለቃ ግምት ግን በዝምድናና በመወዳጀት ይዛባል። ርዝመት ቢቀር በአዲስ መልክ ደጅ ጥናት ይመለሳል። የችሎታ ደጋፊዎች ደግሞ ርዝመት ብቻ ቢታይ ሰነፉም ትጉውም በአንድ ቀን ያድጋሉ፤ ሕዝቡም በሚያውቀው ሳይሆን በቈየው ሰው ይገለገላል ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

በእኛ አስተያየት ችግሩ ከሁለቱ አንዱን በመምረጥ አይፈታም። ሕጉ ሦስቱን መስፈሪያዎች መለየቱ ትክክል ነው፤ ድካም በዕረፍት፣ ዕድሜ በጡረታ፣ ሙያ በዕድገት ይካሳል። ጉድለቱ ያለው በአፈጻጸሙ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የልምድ አግባብነት የሚመዘነው በመደቡ መጠሪያ ሳይሆን በተሠራው ሥራ ዝርዝር ይሁን፤ የአገልግሎት የምስክር ወረቀትም ይህን ዝርዝር ይያዝ። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ወረዳ ሠራተኛ ማኅደር ዋና ዋና ገጾች ሁለተኛ ቅጂ በዞን ደረጃ በደብረ ታቦር ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ማንኛውም ሠራተኛ በዓመት አንድ ጊዜ ማኅደሩን አይቶ የተቈጠረለትን ዘመን በፊርማው ያረጋግጥ፤ ስሕተት ቢገኝ ምስክሮቹ በሕይወት፣ አለቆቹም በሥራ ላይ ሳሉ ይታረማል። 60 ዓመት ሲሞላ የተገኘ ስሕተት ግን ብዙ ጊዜ የሚያርመው ሰው የለውም።

ለባልደረቦቻችንም አንድ ነገር እንጨምራለን። ከእኛ ብዙዎቹ ተመርቀው የመጀመሪያ ምድባቸው ስማዳ ወይም እብናት ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹም ያን ዘመን እንደ ማለፊያ ብቻ ቈጥረው ወረቀቱን ሳይሰበስቡ ይመጣሉ። የቅጥር ደብዳቤያችሁን፣ የሕይወት ታሪክ ፎርማችሁንና የመጀመሪያውን የደመወዝ ማስረጃ ቅጂ በቤታችሁ አስቀምጡ። በሕግና በአስተዳደር ትምህርት ላይ ያሉ ጓደኞቻችን፣ መምህራኖቻችንም፣ በተለይ ከዲግሪ በፊት የተሠራ ዘመን እንዴት ቢያዝ ፍትሐዊ እንደሚሆን አስተያየታቸውን ቢጽፉልን፣ በሚመጣው ቁጥር ውይይቱን ለመቀጠል እንወዳለን።